አንድ አንቴና፣ ብዙ ጆሮ

ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ደለስ ከተባለው ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያ ብዙም በማይርቅ የቨርጂኒያ ሰፈር፣ ጣሪያቸው አንድ ዓይነት፣ ሣራቸውም በአንድ ልክ በታጨደ ቤቶች መካከል፣ ከጭስ መውጫው ጐን በቆመ ምሰሶ ራስ ላይ አንቴና የተተከለበት አንድ ቤት አለ፤ አንቴናውም ከላይ ዙሪያውን በአግድም የተዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች፣ ከሥራቸውም እየሰፉ ወደ ታች የሚወርዱ ሌሎች ዘንጎች ያሉት፣ ባለሙያዎች ዲስኮን የሚሉት ዓይነት ነው። ከአንቴናው የሚወርደው ጥቁር ገመድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ምድር ቤቱ ሲገባ የሚጠብቁት መቀበያዎች ግን ስድስት ናቸው።

የቤቱ ጌታ ዘመናቸውን በእሳት አደጋ ተከላካይነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው፤ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በተርታ የተቀመጡትን ስካነሮች ሲያሳዩኝ ስለ እያንዳንዱ የሚናገሩት አብሮ ስላገለገለ ባልደረባ በሚነገር አክብሮት ነበር። አንደኛው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው የአየር በረራ ክልል አብራሪዎችንና የማማ ተቆጣጣሪዎችን ያዳምጣል፤ ሁለተኛው በ800 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚነጋገሩትን የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች ይከተላል፤ ሦስተኛው በ160 እና በ161 ሜጋኸርዝ መካከል የባቡር ነጂዎችን ይጠብቃል፤ አራተኛው ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ በተመደቡት ሰባት መስመሮች የመንግሥቱን የአየር ጠባይ ማስታወቂያ ይሰማል፤ አምስተኛው በፖቶማክ ወንዝ ላይ የሚመላለሱትን ጀልባዎች በ156.8 ሜጋኸርዝ ይጠባበቃል፤ ስድስተኛው ግን የተወሰነ ግብር የለውም፣ ሌሎቹ ያልያዙትን ሁሉ እየዞረ ይፈትሻል።

ወደዚያ ቤት በሄድሁበት ጧት፣ በአንደኛው ስካነር አንድ ተቆጣጣሪ «ኢትዮጵያን» ብሎ ጠርቶ የበረራውን ቁጥር 500 ሲያስከትል ሰማሁ፤ ሌሊቱን ተጉዞ ከአዲስ አበባ የመጣው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ነበርና በባዕድ አገር ምድር ቤት ተቀምጬ ስሙን በመስማቴ ልቤ በደስታ ተሞላ። አብራሪው መልሶ ሳይጨርስ በሁለተኛው ስካነር ላይ የታመመ ሽማግሌ ያለበት ቤት አድራሻ ለአምቡላንስ ሲነገር ተሰማ። ሁለቱ ድምፆች በፍሪኩዌንሲ እጅግ የተራራቁ፣ በአሠራርም የማይገናኙ፣ አንዱ በአሮጌው የኤ ኤም ሥርዓት ሌላው በዲጂታል የሚላክ ሲሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት ግን በአንድ ገመድ ውስጥ አብረው ወርደው፣ ሳይደባለቁና ሳይጋፉ፣ እያንዳንዱ ወደሚጠብቀው መቀበያ ደርሷል። ይህ ሱታፌ እንዴት እንደሚሠራና በምን እንደሚበላሽ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ሰው ስድስት ስካነር ምን ያደርግለታል የሚል አንባቢ ይኖራል። ስካነር ማለት የተመዘገቡለትን ፍሪኩዌንሲዎች በታላቅ ፍጥነት በተራ እየፈተሸ የሚያልፍ፣ ንግግር ባገኘበት ላይ የሚቆም፣ ንግግሩ ሲያበቃም ጉዞውን የሚቀጥል መቀበያ ነው፤ በአንዱ ላይ ቆሞ ሳለ ግን ለሌሎቹ ሁሉ ደንቆሮ ነው። አዛውንቱ እንደ ነገሩኝ፣ በሥራ ዘመናቸው ያዩት ከባድ አደጋ ሁሉ የጀመረው ከጥቂት ሴኮንዶች በማይበልጥ አጭር ጥሪ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥሪ ደግሞ ስካነሩ የአንድን አብራሪ ሰላምታ በሚያዳምጥበት ጊዜ ቢመጣ ሳይሰማ ያልፋል። ስለዚህ ብዙ ነገር መከታተል የሚሻ ሰው፣ የጋዜጣ ዝግጅት ክፍልም ይሁን በጎ ፈቃደኛ ወይም ተራ አፍቃሪ፣ ውሎ አድሮ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን መቀበያ መግዛቱ አይቀርም።

መቀበያ በተጨመረ ቁጥር አንቴና ልጨምር ቢል ደግሞ ጣሪያው አይበቃውም። በቅርብ ለቅርብ የተተከሉ አንቴናዎች አንዱ የሌላውን ጠባይ ይለውጣሉ፤ እያንዳንዱ ገመድ ለመብረቅ መከላከያ የራሱ የመሬት ማያያዣ ሊደረግለት ይገባል፤ በብዙ የአሜሪካ ሰፈሮችም የቤት ባለቤቶች ማኅበር አንድ አንቴና እንኳ በጣሪያ ላይ ሲያይ ደስ አይለውም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከፍ ብሎ የቆመው ምሰሶ ጫፍ አንድ ስለሆነ፣ ምርጡን ቦታ ሊይዝ የሚችለው አንቴናም አንድ ብቻ ነው። አርሚግ ካንዶይያን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያበረከተው ዲስኮን ለዚህ ጉዳይ የተመቸ የሆነበት ምክንያት፣ እጅግ ሰፊ የሆነ የፍሪኩዌንሲ ክልል ያለ ምንም ማስተካከያ ስለሚቀበል ነው፤ ከአንድ አቅጣጫ አብልጦ አይሰበስብም፣ ነገር ግን ከሁሉም አቅጣጫ ሁሉንም ይሰማል።

ይህን አንድ አንቴና ለማካፈል ጀማሪ ሁሉ በቅድሚያ የሚያስበው ቲ የሚባለውን ባለ ሦስት አፍ ማጋጠሚያ ገዝቶ፣ ገመዱን በአንድ አፍ፣ ሁለቱን ስካነሮች በሁለቱ አፎች ማያያዝ ነው። አንቴናውም፣ ገመዱም፣ መቀበያውም 50 ኦም ለሆነ ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለሞገድ ተቃውሞ፣ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለት ባለ 50 ኦም መቀበያዎች ጐን ለጐን ሲያያዙ ግን ለገመዱ እንደ 25 ኦም ሆነው ይታዩታል፤ በዚህም አለመመጣጠን ከመጣው ኀይል ከዘጠኝ እጅ አንዱ ወደ አንቴናው ተመልሶ፣ የቀረው ስምንት እጅ ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። ሒሳቡ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቲው በወጉ ከተሠራ ማከፋፈያ የሚያንስ አይሆንም ነበር። ጥፋቱ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ስካነር 50 ኦም የሚሆነው በዚያች ቅጽበት በሚያዳምጠው ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ነው እንጂ በሌላው ላይ ጠባዩ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ስለዚህ አንደኛው ከአየር በረራ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ 800 ሜጋኸርዝ በዘለለ ቁጥር፣ ከጐኑ ላለው መቀበያ ገመዱን አንዴ የዘጋ፣ አንዴ የከፈተ ያህል ይሆንበታል። አዛውንቱ በቲ ሁለት ስካነሮችን አጋጥመው በሞከሩ ጊዜ የአንዱ ድምፅ በሌላው ርምጃ ልክ ከፍና ዝቅ ሲል መስማታቸውን ሲያወሩ፣ ነገሩ ከተፈጸመ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ መገረማቸው ገና አልበረደም።

ከዚህም የባሰ ሌላ ጠንቅ አለ። ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ ሥርዓት ካበጀ ወዲህ፣ መቀበያ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን በሆዱ ውስጥ ራሱ አንድ ትንሽ ሞገድ ያመነጫል፤ ይኸውም ሞገድ ከውጭ ከሚመጣው ጋር ተገናኝቶ ለማጉላት ወደሚመች አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ እንዲለወጥ የሚያደርገው ነው። ለምሳሌ ቋሚው ፍሪኩዌንሲ 10.7 ሜጋኸርዝ ቢሆንና መቀበያው 120.0 ሜጋኸርዝ ቢያዳምጥ፣ የውስጡ ሞገድ 130.7 ይሆናል፤ ይህም ራሱ በአየር በረራው ክልል ውስጥ የሚገኝ ቁጥር ነው። ሞገዱ በጥቂቱ ወደ አንቴናው አፍ መሾለኩ አይቀርምና፣ በቲ የተጎራበተው ሁለተኛ ስካነር ሲፈትሽ 130.7 ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሰው ያልተናገረበት ድምፅ አልባ ሞገድ አግኝቶ በዚያው ተገትሮ ይቀራል። ይህ ፍሳሽ እንደ ቀላል የሚቆጠር አይደለም፤ በብሪታንያ የቴሌቪዥን ፈቃድ ያላወጣውን ቤት ለይቶ ለማወቅ የተሠሩት መኪናዎች ይፈልጉት የነበረው ከቴሌቪዥኖች የሚሾልከውን ይህንኑ ሞገድ ነው፤ በአውሮፕላን ውስጥ የኤፍ ኤም ሬዲዮ መክፈት የተከለከለበትም ምክንያት፣ 98 ሜጋኸርዝን የሚያዳምጥ ሬዲዮ የሚያመነጨው 108.7 የአውሮፕላኑ መንገድ መሪ መሣሪያዎች በሚሠሩበት ክልል ስለሚወድቅ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ማከፋፈያ ከላይ የመጣውን እኩል የሚያካፍል፣ ከታች ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለይ መሆን አለበት። ይህን ጥያቄ በማያሻማ መልክ ከመለሱት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ኀይል ክፍፍል ጽሑፉን ያሳተመው መሐንዲስ ኧርነስት ዊልኪንሰን ነው። በእርሱ አሠራር ሁለቱ መውጫዎች በአንድ ሬዚስተር ይገናኛሉ፤ ከአንቴናው የመጣው ሞገድ ወደ ሁለቱም መውጫዎች በእኩል መጠንና በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ በሬዚስተሩ ላይ ምንም ነገር አያልፍም፣ ምንም አይባክንም፤ ከአንዱ መቀበያ ወደ ኋላ የሾለከው ሞገድ ግን ግማሹ ወደ አንቴናው ይሄዳል፣ ግማሹ በሬዚስተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ወደ ጎረቤቱ የሚሻገር አይኖርም። በተግባር ፍጹምነት የለምና ጥቂት ይሻገራል፤ ሆኖም ደኅና ማከፋፈያ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያሻግረውን በ20 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ መቶኛ እጅ፣ ያሳንሰዋል። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው የቴሌቪዥን ስፕሊተርም በውስጡ ትንሽ የፌራይት ቀለበት ይዞ ይህንኑ ምሥጢር በሌላ መንገድ ይፈጽማል፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ ስለሚሠሩ ለስካነር የሚስማሙ ናቸው። የተሠሩት ለ75 ኦም ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው ቢኖር፣ በ75 እና በ50 መካከል ባለው ልዩነት ተመልሶ የሚጠፋው ከመቶ አራት እጅ ብቻ መሆኑን አውቆ ይረጋጋ።

አሁን ወደ ዋናው ዕዳ እንምጣ። የሃይማኖት መምህራን ስለ ጸጋ ሲያስተምሩ፣ ከአንድ ሻማ ሺህ ሻማ ቢለኮስ የመጀመሪያው ብርሃን አይጎድልም ይላሉ፤ የአንቴና ሀብት ግን እንደዚህ አይደለም። አንቴናው ከአየር የለቀመው ኀይል የተወሰነ ነውና ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሰዋል፤ ይህ ግማሽ በመሐንዲሶች ልኬት 3 ዴሲቤል ይባላል፣ በማከፋፈያው ውስጥ የሚባክነው ሲጨመር 3.5 ይሆናል። ለአራት ሲከፈል 7 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል፤ ለስምንት ሲከፈል ከ10.5 ዴሲቤል የማያንስ ይጠፋና ለእያንዳንዱ መቀበያ የሚደርሰው ከመጣው ኀይል ከአሥር እጅ አንድ እንኳ አይሞላም። በቅርብ ያለና ብርቱ ጣቢያ ይህን ጉድለት አያስታውቅም፤ በአድማስ ጥግ የሚገኝ ደካማ ጣቢያ ግን በዚህ ይጠፋል፤ ዲጂታል በሆነው ሥርዓትም ጥፋቱ ቀስ በቀስ አይመጣም፣ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማና ወሰኑ እንዳለፈ ጭራሹን ይቆረጣል።

የጐደለውን ለመሙላት ማጉያ መጨመር ነው የሚለው መልስ ለሁሉም ቶሎ ይመጣል። መልሱ ትክክል ነው፤ ሆኖም የማጉያው ቦታ ካልተስተካከለ ትክክለኛው መልስ ከንቱ ይሆናል፤ ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁትም በዚህ ላይ ነውና አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1928 ጆን ጆንሰንና ሃሪ ናይክዊስት እንዳስረዱት፣ ሙቀት ያለው ማንኛውም የኤሌክትሪክ አካል፣ ገመድም ይሁን ሬዚስተር ወይም ትራንዚስተር፣ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከመንቀሳቀስ ስለማያርፉ የማያቋርጥ ሁካታ ያሰማል፤ ባዶ የሬዲዮ ጣቢያ ላይ ሽው የሚለው ድምፅ ከዚህ ወገን ነው። መልእክት የሚሰማው ከሁካታው በላይ ከፍ ብሎ ሲገኝ ነው። በአንድ ስፍራ ከሁካታው በታች ከወረደ በኋላ ማጉያ ቢደረግለት፣ ማጉያው መልእክቱንና ሁካታውን አንድ ላይ ያጎላዋል እንጂ አንዱን ከሌላው አይለይም።

በዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሃራልድ ፍሪስ፣ ይህ ሁካታ በተከታታይ ክፍሎች ውስጥ እንዴት እንደሚደመር እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣው ቀመር አሳይቷል። የቀመሩ ፍሬ ነገር፣ የመጀመሪያው ክፍል ሁካታ ሙሉ ለሙሉ ይቆጠራል፣ ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ግን ከፊቱ ባለው ማጉላት ልክ እየተካፈለ ይቀላል የሚል ነው። በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የራሱ ሁካታ 8 ዴሲቤል የሆነ ስካነር፣ 7 ዴሲቤል ከሚያጠፋ ባለ አራት መውጫ ስፕሊተር በኋላ ቢቀመጥ፣ ጠቅላላው ሸክም 15 ዴሲቤል ይሆናል። አሁን 15 ዴሲቤል የሚያጎላ፣ የራሱ ሁካታ 3 ዴሲቤል የሆነ ማጉያ ገዝተን ከስፕሊተሩ በታች፣ ከስካነሩ አጠገብ ብናደርገው ሸክሙ ወደ 10.4 ይወርዳል፤ ያንኑ ማጉያ ከስፕሊተሩ በላይ ብናደርገው ግን ወደ 4.7 ይወርዳል። ዕቃው አልተለወጠም፣ ዋጋው አልተለወጠም፣ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የሚያነጻጽር ሰው የዚህን ሙያ ግማሽ ያወቀ ነው።

ይኸው ሕግ ገመዱንም ይመለከታል። ቀጭኑ አርጂ 58 የተባለ ገመድ ሠላሳ ሜትር ያህል ሲረዝም በ850 ሜጋኸርዝ ከ10 ዴሲቤል በላይ ያጠፋል፤ ለቴሌቪዥን የሚዘረጋው አርጂ 6 በዚያው ርዝመት የሚያጠፋው 6 ያህል ነው። ስለዚህ ገመዱ ረጅም በሆነበት ቤት ማጉያው በምሰሶው ላይ፣ ከአንቴናው ሥር ይሰቀላል፤ ኤሌክትሪኩም በዚያው ገመድ ከታች ወደ ላይ ይላክለታል። በአዛውንቱ ቤት ገመዱ አጭርና ወፍራም ስለሆነ፣ ማጉያውና ማከፋፈያው በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ታሽገው ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጠዋል፤ ሙያተኞች መልቲካፕለር የሚሉት ይህ ነው። ባለ ስምንት መውጫ ሲሆን፣ ሁለቱ ባዶ መውጫዎች ክፍት እንዳይቀሩ እያንዳንዳቸው 50 ኦም ሬዚስተር በያዘ ትንሽ ክዳን ተዘግተዋል፤ ክፍት መውጫ የደረሰውን ሞገድ መልሶ ስለሚያስተጋባ የሌሎቹን ሚዛን ያፋልሳልና።

በአዛውንቱ መደርደሪያ ላይ ሌላ ማጉያ አየሁ፤ ከብዙ ዓመት በፊት ገዝተው ለጥቂት ጊዜ ከሠሩበት በኋላ ያነሡት ነው። የማጉላት ኀይሉ ከአሁኑ እጅግ የበለጠ ሲሆን ለምን እንደ ተዉት ብጠይቃቸው፣ «የምሰማውን አበዛልኝ፣ ነገር ግን ያልነበረውንም አሰማኝ» ብለው መለሱልኝ። ያልነበረው የተባለው ይህ ነው። በከተማ ዙሪያ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፉ ብርቱ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች አሉ፤ ማጉያው ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት እነዚህን እርስ በርሳቸው እያባዛ በአየር ላይ የሌለ አዲስ ፍሪኩዌንሲ ይፈጥራል። ለምሳሌ የ107.3 ሁለት እጥፍ 214.6 ነው፤ ከዚህ 94.7 ሲቀነስ 119.9 ይቀራል፤ ይህም በአየር በረራ ክልል መካከል የሚያርፍ ቁጥር ነውና አብራሪ ሊሰማ በሚገባበት ስፍራ የተደባለቀ ሙዚቃ ይሰማል። መድኃኒቱ የኤፍ ኤሙን ክልል ብቻ የሚገታ ማጣሪያ ነው፤ ቦታውም ከማጉያው በፊት መሆን አለበት፤ ሐሰተኛው ሞገድ በማጉያው ውስጥ ከተፈጠረ በኋላ ከእውነተኛው የሚለይበት ምልክት የለውም። ማጣሪያው በፊት በመሆኑ ጥቂት ኀይል ያጠፋል፤ እኔ ግን በከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ሊከፈል የሚገባው ዋጋ ነው እላለሁ። የማጉያውም ልክ ስፕሊተሩና ገመዱ የሚያጠፉትን ተክቶ ጥቂት ቢተርፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የጉዳት ምንጭ ነው።

ይህ ጥበብ የተጀመረው በአፍቃሪዎች ምድር ቤት አይደለም። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዉለንቬበር የሚል የምሥጢር ስም ሰጥተው በዴንማርክ ምድር የሠሩት ክብ የአንቴና ሥርዓት፣ በኋላ በአሜሪካኖች እጅ ታድሶ፣ ወርዱ 440 ሜትር ያህል የሆነና ወታደሮቹ የዝሆን በረት እያሉ የሚጠሩት ታላቅ የማዳመጫ ሥፍራ ሆነ፤ በጣሊያን በሳን ቪቶ፣ በጃፓን በሚሳዋ፣ በአላስካ በኤልመንዶርፍ ከተተከሉት የኋለኛው እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ አገልግሏል። በዚያ ክብ መካከል ባለው ቤት ውስጥ ብዙ አዳማጮች፣ እያንዳንዳቸው የተለየ አቅጣጫና የተለየ ፍሪኩዌንሲ እየመረጡ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ አንቴና ይቀዱ ነበር፤ ይህን ያስቻላቸውም ከእያንዳንዱ የአንቴና ዘንግ በኋላ የቆመው ማጉያና ማከፋፈያ ነው። ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ያለው የሰማይ ሁካታ ከመቀበያው ሁካታ እጅግ ስለሚበልጥ፣ በዚያ ክልል ክፍፍሉ የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ወደ 800 ሜጋኸርዝ ሲወጣ ግን ሰማዩ ጸጥ ይላል፣ የመቀበያው የራሱ ሁካታ ይነግሣል፣ በክፍፍል የጠፋውም እያንዳንዱ ዴሲቤል ይታወቃል። አንዱ አፍቃሪ ያለ ማጉያ ደኅና ሠራልኝ ሲል ሌላው አልሆነልኝም የሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ የሚያዳምጡት ክልል የተለያየ ስለሆነ ነው።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ፣ እኛ ዲሹን ለሁለት ሪሲቨር በተራ ስፕሊተር ብናካፍል አንዱ ሌላውን እያጠፋ አስቸገረን ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የዲሹ ራስ፣ ኤል ኤን ቢ የሚባለው፣ ከሪሲቨሩ ትእዛዝ ይቀበላል፤ 13 ቮልት ሲላክለት አንዱን ወገን፣ 18 ቮልት ሲላክለት ሌላውን ወገን ያሰማል፣ 22 ኪሎኸርዝ የሆነ ምልክት ሲጨመርበትም ከታችኛው ክልል ወደ ላይኛው ይዛወራል። ሁለት ሪሲቨሮች ሁለት ትእዛዝ ሲያስተላልፉለት ለሁለቱም መታዘዝ አይችልምና፣ መፍትሔው ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መውጫ ኤል ኤን ቢ መትከል ነው። የስካነር አንቴና ግን ከማንም ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ያለውን ሁሉ ሁልጊዜ ያወርዳል፣ ስለዚህም ለብዙዎች ሊከፈል ይችላል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ክፍፍሉን ከመዳብ ወደ ቁጥር ያሸጋገረ ነገር መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ለቴሌቪዥን የተሠራ ጣት የምታህል ርካሽ መቀበያ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዛ ወደ 2.4 ሜጋኸርዝ የሚሰፋ የአየር ክልል እንዳለ ወደ ቁጥር ልትለውጥ እንደምትችል ታውቋል። ሞገድ ቁጥር ከሆነ በኋላ ያለ አንዳች ጉድለት ይቀዳል፤ በዚያ ክልል ውስጥ ያሉ አሥር ጣቢያዎችን በአንድ ጊዜ መስማት ከአንዱም ላይ ዴሲቤል አይቀንስም፣ እነሆ የሻማው ምሳሌ በዚህ ላይ ይሠራል። ነገር ግን 2.4 ሜጋኸርዝ የአየር በረራውን ክልል ስምንተኛ ያህል ብቻ ይሸፍናል፤ ሰፊ ክልል የሚሻ ሰው ከእነዚህ ትንንሽ መቀበያዎች ብዙ ይገዛና፣ እነርሱን ከአንድ አንቴና ለማገናኘት መልሶ ስፕሊተርና ማጉያ ይፈልጋል።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ንግግሮችን በቤት ማዳመጥ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ1986 ሕግ የእጅ ስልክ ንግግርን ማዳመጥን ይከለክላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህም የእጅ ስልክ ክልልን የሚሰማ ስካነር መሥራትም ሆነ ማስገባት አይፈቀድም። የዋሽንግተን ፖሊስ ንግግሩን በምሥጢር ቁልፍ ማሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ይህን የሚፈታ አንቴናም ማጉያም የለም። በብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. የ2006 የሬዲዮ ሕግ፣ ለአድማጩ ወይም ለሕዝብ ያልታሰበን ንግግር ሆነ ብሎ ማዳመጥን ወንጀል ያደርገዋል። በአገር ቤትም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አንባቢ፣ መሣሪያውን ከመግዛቱና በሻንጣው ይዞ ድንበር ከመሻገሩ በፊት የሚኖርበትን አገር ሕግ ይጠይቅ።

ሁለተኛውን ስካነር ገዝቶ አንቴናውን ለማካፈል ያሰበ ሰው ደግሞ፣ ማጉያ ለመግዛት ኪሱን ከመክፈቱ በፊት ይህን ያድርግ። ከሚፈልጋቸው ጣቢያዎች ሁሉ ደካማ የሆነውን ይምረጥ፤ በቅድሚያ አንቴናውን በቀጥታ ከአንድ ስካነር ጋር አያይዞ ያዳምጠው፤ ከዚያም በመካከሉ ተራ ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር አስገብቶ፣ ባዶውን መውጫ በክዳኑ ዘግቶ፣ ያንኑ ጣቢያ በዚያው ሰዓት ደግሞ ያዳምጠው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካልሰማ ማጉያ አያስፈልገውም። ልዩነት ከሰማ ገመዱን ይመርምር፣ ቀጭን ከሆነ ይለውጠው፣ አንቴናውንም ከፍ ያድርገው፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ጣቢያው ካልተመለሰ ብቻ ማጉያውን ይግዛና ከስፕሊተሩ በላይ ያኑረው።